በመዝገብ ላይ የሰፈረ ስም
(ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ መልካም ስም)



«ዕዳው ገብስ ነው» ይላል የአገራችን ሰው፤ ነገሩ አያስጨንቅም፣ መውጫ አለው ሲል። ለደጋ ዳሞት ገበሬ ግን ይህ አባባል ዘይቤ ብቻ አይደለም። በፈረስ ቤት ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ገብስ የቤት ቀለብም የገበያ እህልም ነውና፣ በገብስ የሚከፈል ዕዳ መከር እስኪገባ ብቻ የሚቆይ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ የሚታገሠው ዕዳ ነበር። አበዳሪው የተበዳሪውን ማሳ በዓይኑ ያያል፤ ዝናቡ መዘግየቱን፣ በረዶ መውደቁን፣ በሬ መሞቱን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ስለዚህም ሲቆጣም ሲምርም የሚያውቀውን ሰው ይቆጣል፤ የሚያውቀውን ሰው ይምራል።

ዛሬ ግን የብዙዎቻችን ዕዳ የሚጻፈው ማሳችንን ባላየ እጅ ነው። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ቅርንጫፍ የተበደርነው ገንዘብ አዲስ አበባ በሚገኝ መዝገብ በስማችን ይሰፍራል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ባንክ ደጃፍ ስንቆም ያ ጽሑፍ ከእኛ ቀድሞ ይናገራል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሰው ስለ ሌላው ሰው የዕዳ ታሪክ ሲጽፍ ግዴታው ምንድን ነው? የተጻፈበት ሰውስ ስለዚያ ጽሑፍ ምን መብት፣ ምንስ ኃላፊነት አለው? ከሁሉም በላይ፣ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ሰውየው ነው ወይስ ስለ ሥራው?

1. ከቁራኛ እስከ መዝገብ

አበዳሪ የማያውቀውን ሰው ማመን ስላልቻለ ሁልጊዜ አንድ ማሰሪያ ይፈልጋል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ከነበሩት ማሰሪያዎች አንዱ ቁራኛ ነበር። ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ተቆራኝተው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዳኛ እስኪፈርድ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ልማዱ ቢቀርም ቃሉ በቋንቋችን ቀርቷል፤ ዛሬም መላቀቅ ያቃተውን ሰው «ቁራኛ ሆነበት» እንላለን። ይህ ማሰሪያ ጨካኝ ቢሆንም አንድ የሚያስተውሉት ነገር ነበረው፤ ይኸውም አበዳሪው ራሱ ከታሰረው ጋር ይታሰር ስለነበር የባለዕዳውን ችግር ሳያይ ሊያልፍ አይችልም ነበር።

ከሰንሰለቱ የሚሻለው ማሰሪያ ዋስ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚያምነውን ሰው ይጠራል፤ የታመነውም ሰው ቃሉን ያስይዛል። ይህ አሠራር በእቁብ ውስጥ እስከ ዛሬ ሕያው ነው፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራውን የጀመረውና በኋላ በመላው ክልል የታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ይህንኑ የአገር ልማድ መሠረት አድርጎ፣ መያዣ ንብረት ለሌላቸው ገበሬዎች በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ፀደይ ባንክነት ተለውጧል።

ሦስተኛው ማሰሪያ መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አበዳሪዎች ስለ ተበዳሪዎቻቸው የሚያውቁትን በአንድ ማዕከል እንዲያሰባስቡ አድርጓል፤ የብድር መረጃ ማዕከሉ የሚሠራበትን መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2019 አሻሽሎታል። በዚህ አሠራር መሠረት አበዳሪ ተቋም የደንበኛውን ብድር፣ የአከፋፈሉን ሁኔታና ቀሪ ዕዳውን ለማዕከሉ ያስታውቃል፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዱ በፊትም ከማዕከሉ ይጠይቃል። በባንኮች ልማድ የመክፈያ ቀኑ አልፎ 90 ቀን የሞላው ብድር ከተበላሹ ብድሮች ጋር ይመደባል።

ሰንሰለቱ አካልን ያስር ነበር፤ ዋስ ቃልን ያስራል፤ መዝገብ ደግሞ ስምን ያስራል። የአካል እስራት የሚፈታበት ቀን ይታወቃል። የስም እስራት ግን መቼ እንደሚፈታ ብዙ ጊዜ የታሰረው ሰው ራሱ አያውቅም፤ አንዳንዴም መታሰሩን እንኳ አይሰማም።

2. የሚጽፍ ሰው ግዴታ

መዝገብ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ይልቁንም ለድኻው ይጠቅማል። መሬቱ ጠባብ፣ ቤቱ የሣር ክዳን የሆነ ገበሬ በመያዣ ብቻ ቢመዘን ሁልጊዜ ወዳቂ ነው፤ ያለፉትን አምስት ብድሮች በቀናቸው መክፈሉ ተመዝግቦ ቢገኝ ግን የታመነነቱ ራሱ መያዣ ይሆነዋል። በመሆኑም መዝገብን ማጥላላት ሳይሆን በእውነት እንዲያዝ መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ ስምንተኛው ትእዛዝ ይነካናል። በሐሰት መመስከር ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ፍርድ ቤት ቆሞ የሚምለውን ምስክር ነው። ነገር ግን በቁጥር መመስከርም ምስክርነት ነው። የገንዘብ ተቀባዩ የተከፈለውን ሳይመዘግብ ቢቀር፣ የብድር ሠራተኛው የአንዱን ዕዳ በሌላው ስም ቢያስገባ፣ ተከፍሎ ያለቀው ብድር ባለመዘጋቱ ምክንያት ሰውየው ዛሬም ባለዕዳ ተብሎ ቢገኝ፣ በባልንጀራ ላይ ሐሰት ተመስክሯል። ሆን ተብሎ የተደረገ ባይሆን በደሉ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ግን አይቀንስም።

እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ አገር በቀላሉ እንደሚደርስ የስማችን አወጣጥ ያመለክታል። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን የምንታወቀው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። በአንድ ቀበሌ ሦስትና አራት ሞክሼ ማግኘት የተለመደ ነው፤ የአባት ስማቸው የሚገጥምም አይታጣም። በዚያ ላይ አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይለ» ይለዋል። ፊደሉ በላቲን ሲገለበጥ ደግሞ አንድ ስም በአራት መልክ ይጻፋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መለያ ቁጥር ስለሚሰጥ ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የሚያስገባውም እጅ የሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው አይቀርም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (እ.ኤ.አ. 1992) ስለ ሰው ክብር ሲያስተምር ሦስት ጥፋቶችን ይለያል። የመጀመሪያው ያለ በቂ ማስረጃ ሰውን መጥፎ ብሎ መፍረድ ነው። ሁለተኛው እውነት የሆነውን የሌላውን ጉድለት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁ ሰዎች መግለጥ ነው። ሦስተኛው ሐሰት በመናገር ስምን ማጥፋት ነው። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሦስቱም ያገኙታል። ሳያጣራ ከጻፈ የመጀመሪያው ይደርስበታል፤ ያየውን መዝገብ በመጠጥ ቤት ካወራው ሁለተኛው፤ በተንኮል ከጻፈ ሦስተኛው። ይኸው ትምህርት የሰውን ስም ያጠፋ ሰው መጸጸቱ ብቻ እንደማይበቃው፣ ያጠፋውን ሊክስ እንደሚገባውም ያመለክታል። የተሳሳተ መዝገብ ሲገኝ «ይቅርታ» ማለት ጅምር ነው፤ ማረምና የተሳሳተውን መረጃ ለደረሳቸው ሁሉ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው።

3. የሚጻፍበት ሰው ኃላፊነት

አንዳንዶች «ስለ እኔ የሚጻፈውን እኔ ምን አገባኝ? የማውቀው ኅሊናዬን ነው» ይላሉ። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። መልካም ስም የባለቤቱ ብቻ ሀብት አይደለም። ከእርሱ ጋር የተቆጠሩ ሚስት፣ ልጆች፣ ዋሶችና የቡድን አባላት አሉ። አባት በስሕተት ባለዕዳ ተብሎ ተጽፎ ቢቀር፣ የማዳበሪያ ብድር የሚያጣው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ስለሆነም ስለ ራስ የተጻፈውን ማወቅና ማስተካከል እንደ ከንቱ ውዳሴ ሊቆጠር አይገባም፤ አደራን መጠበቅ ነው።

ይህን ለማድረግ ሕግ መንገድ ይሰጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ ግን ካልተጠየቀ አይሠራም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በተለይም ማንበብ ለማይችሉ ምእመናን፣ የሚከተሉትን ቢያስገነዝቡ መልካም ነው።

ሀ) የብድር ውል ሲፈረም ወይም የጣት አሻራ ሲደረግበት፣ ስምና መለያ ቁጥር በትክክል መጻፉን፣ የብድሩን መጠን፣ ወለዱንና የመክፈያ ቀኑን የሚያነብ የታመነ ሰው ይዞ መሄድ፤ የውሉንም ቅጂ መቀበል።

ለ) የተከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ መጠበቅ። በጭስ ቤት ወረቀት ይጠቁራል፣ አይጥም ይበላዋልና በላስቲክ ጠቅልሎ ከመሬት ደብተሩ ጋር ማኖር ይበጃል።

ሐ) ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ፤ ለዋሶቹም ዋስትናቸው መውረዱን ማስታወቅ።

መ) አዲስ ብድር ከመጠየቅ አስቀድሞ አበዳሪውን «በስሜ የተመዘገበው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። ስሕተት ከተገኘ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ማመልከት፣ ደረሰኙን አያይዞ ማቅረብና ያመለከቱበትን ቀን መያዝ ያስፈልጋል።

ሠ) መክፈል እንደማይቻል ከታወቀ ቀኑ ሳያልፍ ለአበዳሪው መናገር። ቀኑ ሳያልፍ የመጣ ባለዕዳ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት ሊነጋገር ይችላል፤ ተደብቆ የተገኘ ግን ቃሉን የሚሰማው ያጣል።

ረ) ስምን ለሌላ አለማዋስ። «አንተ ፈርምልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እወስዳለሁ» የሚል ዘመድ ቢመጣ፣ በመዝገቡ የሚቀረው የፈረመው ሰው ስም ነው። «ገንዘብ ስጠኝና መዝገብህን አጸዳልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣም አለማመን ነው፤ እውነተኛ ጽሑፍ በጉቦ አይጠፋም፣ ሐሰተኛው ደግሞ ያለ ጉቦ ሊታረም ይገባል።

ስም የሚሻሻለውም በዚሁ መንገድ ነው። ሌላ አቋራጭ የለም። ትንሽ መበደር፣ በቀኑ መክፈል፣ ከዚያም ደግሞ ትንሽ መጨመር፤ አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ አለመክፈል። አሮጌው ጥፋት የሚሸፈነው አዲስ ታማኝነት በላዩ ሲደረደርበት ነው።

4. የዋስ ሸክም

ከባለዕዳው ይልቅ አንዳንዴ የሚያሳዝነው ዋሱ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ብዙውን ጊዜ እምቢ ማለት አፍሮ ነው፤ አበልጅ ነው፣ አማች ነው፣ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ድክመታችንን ያወቀ ይመስላል። በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተነገረ በግምት እንደማይጸና፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሰው ባልንጀራውን ሲሸከም የሸክሙን ልክ ዐውቆ ይሸከም ማለት ነው።

በቡድን ዋስትና የሚደረገው ብድር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን መረዳዳት ነው፤ የታመመውን አባል ጓደኞቹ ይከፍሉለታል፣ እርሱም በመከር ይመልስላቸዋል። በሌላ ወገን ግን ጎረቤትን የጎረቤት ጠባቂ ያደርገዋል። ያልከፈለች መበለት የቡድኑ አባላት በሯን ሲያንኳኩባት፣ በውኃ መቅጃው ሲሸሿት፣ ለዕድር እንኳ መምጣት ስታፍር ዕዳው ከገንዘብ አልፏል። አበዳሪው የራሱን ቁጣ በጎረቤቶቿ አፍ ተናግሯል ማለት ነው። ስለዚህ ቡድን ሲመሠረት «አንዳችን ብንወድቅ እንዴት እናነሣዋለን?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት እናስከፍለዋለን?» ከሚለው ይቀድም ዘንድ ይገባል።

5. ያልቻለና ያልፈቀደ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። መዝገቡ «አልከፈለም» ይላል። ነገር ግን ሳይከፍሉ የሚቀሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ያልቻለና ያልፈቀደ። በቁጥር ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በእግዚአብሔር ፊትና በጎረቤት ዓይን ግን አንድ አይደሉም።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የሆነውን በምዕራብ ጎጃም ያሉ ገበሬዎች ያስታውሳሉ። ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር እንዲወስድ ተመክሮ ወሰደ፤ ዝናቡም ሰመረ፣ በቆሎውም በረከተ። ነገር ግን ምርቱ በአንድ ጊዜ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው እጅግ ወደቀ፤ ብዙዎች በቆሎአቸውን ሸጠው የማዳበሪያውን ዕዳ መክፈል ተሳናቸው። ከብት የሸጠ ሸጠ፤ ያልቻለም ባለዕዳ ሆኖ ቀረ። ይህ ገበሬ ሰነፍ ነበርን? አልነበረም። የወደቀው በደንብ ስላመረተ ነው። ሆኖም በመዝገብ ሲታይ ገንዘቡን በልቶ ከተሰወረው ሰው የሚለየው ነገር አልነበረም።

በቅርቡም ተመሳሳይ ፈተና መጥቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ገንዘብ በእጁ ይዞ ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ ያልቻለ ሰው ነበር። ቀን መቁጠሪያው ግን አልቆመም። 90 ቀን ለቆጠረው መዝገብ የተዘጋ መንገድና የተዘጋ ልብ አንድ ናቸው።

በዚህ ላይ አበዳሪው የሚያቀርበው መልስ አለ፤ መልሱም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። «የማበድረው ገንዘብ የእኔ አይደለም» ይላል። «የቆጣቢዎች ነው። ከቆጣቢዎቹም መካከል የእንቁላል መሸጫዋን ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀመች መበለት ትገኛለች። ላንዱ ባለዕዳ ስምር የእርሷን ገንዘብ ነው የምምረው። ሰው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ምክንያትን ሁሉ ከተቀበልሁ በሚቀጥለው ዓመት ለማበድረው አይኖረኝም።» እውነት ነው። ከሰው ኪስ የሚደረግ ምሕረት ርካሽ ምሕረት ነው። በወንጌል የተነገረው ያ አገልጋይ፣ አሥር ሺህ መክሊት ተምሮ ሳለ ባልንጀራውን በመቶ ዲናር ያነቀው፣ የተወቀሰው ለራሱ የተደረገለትን ረስቶ በራሱ ገንዘብ ስለጨከነ ነው። የብድር ሠራተኛ ግን የያዘው የሌላ ሰው አደራ ነው።

እንግዲህ መውጫው ምንድን ነው? መልሱ ያለው በመዝገቡ ውስጥ ሐሰት በመጻፍ አይደለም። ያልተከፈለውን «ተከፍሏል» ማለት ምሕረት አይባልም። ይልቁንም ምሕረት የሚጀምረው እውነትን በሙሉ በመጻፍ ነው። «አልከፈለም» የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። «የበቆሎ ዋጋ በወደቀበት ዓመት አልከፈለም፤ በሁለተኛው ዓመት ሙሉውን ከፈለ» የሚለው ሙሉ እውነት ነው። ግማሽ እውነት የጻፈ አበዳሪ ቆጣቢዎቹንም አልጠቀመም፤ የታመነ ደንበኛን ከማይታመነው መለየት አቅቶት ሁለቱንም አባርሯልና። ሙሉ እውነት ጽድቅንም ምሕረትንም ያገለግላል።

ከዚህም ሌላ የጊዜ ነገር አለ። በብሉይ ኪዳን ሕግ በሰባተኛው ዓመት ዕዳ ይተው ነበር፤ በኀምሳኛውም ዓመት ኢዮቤልዩ ይታወጅ ነበር። ሕጉ ያወቀው ነገር ማኅበረሰብ ያለ ማስታወስ እንደማይኖር ሁሉ ያለ መርሳትም እንደማይኖር ነው። የወረቀት መዝገብ ብል ይበላዋል፤ የኮምፒውተር መዝገብ ግን አያረጅም። ስለሆነም ዛሬ መርሳትን ሰው ራሱ በሕግ ሊያደርገው ያስፈልጋል፤ የተከፈለ አሮጌ ዕዳ ከዓመታት በኋላ በሰው ላይ መነሣት የለበትም።

6. እውነትን በአደባባይ መስቀል

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን የአሠራር ብልሽት ሰው ሁሉ ሰምቷል። ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን ገለጸ። ብዙዎች፣ ከእነርሱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ገንዘቡን መለሱ። ባልመለሱት ላይ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በቅርንጫፎች ለጠፈ።

የራሳቸው ያልሆነውን የወሰዱት መመለስ እንዳለባቸው የሚያጠያይቅ ነገር የለም። በር ክፍት ሆኖ መገኘቱ የቤቱን ዕቃ የእኛ አያደርገውም። መልክን በአደባባይ ስለ መለጠፍ ግን ረጋ ብሎ ማሰብ ይገባል። የተጻፈው እውነት ቢሆንም፣ እውነት ሁሉ ለሁሉ አይነገርም። ሊጠየቅ የሚገባው «ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ማን ነው?» የሚለው ነው። ባንኩ ማወቅ አለበት፤ ዳኛም እንዲሁ። ሠፈርተኛውስ? ሌላ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ ሊታሰብ ይችል ይሆናል፤ ሌላ መንገድ ሳለ ግን ማሳፈር ከዕዳ ማስከፈል ያልፋል። ሊመልስ የፈለገውንም ሰው መመለሻ መንገድ ይዘጋበታል፤ አንድ ጊዜ በአደባባይ ሌባ የተባለ ሰው የሚጠብቀው ስም የለውምና።

7. መዝገብ የሌላቸው

መጥፎ መዝገብ ካለው ሰው ሌላ፣ ምንም መዝገብ የሌለው ሰው አለ። በገጠራችን የሚበዛው እርሱ ነው። ሃያ ዓመት እቁብ ጥላ አንድ ቀን ያልዘገየች ሴት በባንክ ዓይን የማትታወቅ ናት። ብድር ሲያስፈልጋት የምትሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2479 በብድር ውል የሚታሰበው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን ያስቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1745 ለኢጣልያ ጳጳሳት በላኩት መልእክት አራጣን አውግዛለች። ሕግና ውግዘት ግን የተቸገረን ሰው አያበድሩም። አራጣ የሚጠፋው ድኻው በሌላ በር ሲታመን ነው።

በሌላው ዓለም ይህን የተረዱ ነበሩ። በጀርመን ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን በ19ኛው ምእት ዓመት፣ በካናዳ ኩቤክም አልፎንስ ዴዣርደን እ.ኤ.አ. በ1900 ባቋቋሟቸው የቁጠባና የብድር ማኅበራት፣ ገበሬዎችና ሠራተኞች ከገዛ ቁጠባቸው እርስ በርሳቸው ይበዳደሩ ነበር፤ መሠረቱም መተዋወቅ ነበር። በአገራችን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና የእርሻ ምርትን የመሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች በመያዣነት እንዲመዘገቡ በር ከፍቷል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በቴሌብር በኩል ሰው በስልኩ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተመዝኖ ጥቂት ብር መበደር ጀምሯል። እነዚህ በሮች መልካም ናቸው። ይሁንና በስልክ የሚመጣ ብድር ምሽት ላይ ያለ ዋስ፣ ያለ ምክር የሚወሰድ ነውና፣ ያላሰቡበትም ሰዎች ስማቸውን በጥቂት ብር ያስይዙበታል። ቀላል ብድር ቀላል ዕዳ አይደለም።

8. መደምደሚያ

እንግዲህ መዝገብ የሠራነውን ይናገራል፤ የሆንነውን ግን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ የሚጽፈው በፍርሃተ እግዚአብሔር ይጻፍ፤ የሚያነበው ከቁጥሩ ጀርባ ሰው እንዳለ አስቦ ያንብብ፤ የተጻፈበትም ስሙን እንደ ማሳው ይጎብኝ፣ አረሙን በጊዜ ይንቀል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና። ዕዳ ያለበት ሰው ቢቻለው ይክፈል፤ ባይቻለው ቀድሞ ይናገር። ያልተቻለውን ሰው ያየን እኛም፣ ከመዝገቡ በፊት ማሳውን እንይ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማኅበራችን ዋስ ሆኖ የተጎዳ ሰው አለን? ሸክሙን ለማቅለል ምን አደረግን?

2. ስለ ሌላው ሰው ዕዳ እውነት የሆነውን ለማያገባው ሰው መናገር ለምን ጥፋት ይሆናል?

3. «ያልቻለ» እና «ያልፈቀደ» ባለዕዳ በምን ይለያሉ? ለመለየትስ ማንን መጠየቅ ይገባል?

4. በእቁብና በዕድር የታየ ታማኝነት በጽሑፍ እንዲታወቅ ምን ማድረግ እንችላለን?